እትዬ ፋሲካን መርዶ ስለማርዳቴ

ለአባቴ ለአቶ ነጋሽ፣

አባዬ እንዴት ነህ? ጉልበትህ እንዴት ነው? ክረምቱ ወጥቶ ብርዱ ሲገባ ወገብህን ይይዝህ ነበርና ዘንድሮስ እንዴት አደረገህ? ስለ ሳንባህ አልጠይቅህም። ባለፈው በስልክ ስትጮህብኝ ደህና እንደሆነ ሰምቻለሁ። እኔም በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ናፍቆቴን እንድነግርህ ትጠብቅ ይሆናል፤ ዛሬ ግን ስለ ናፍቆት አልጽፍም። ተቆጥቼ ነው የምጽፍልህ።

በስልክ ለምን አልተናገርሽም ትላለህ። አንተ ስትናገር ድምፄ እንደሚጠፋ ታውቃለህ። ትምህርቱንም ስምንተኛ ክፍል ላይ የተውኩት ሰው ፊት ቆሜ ማንበብ ስላቃተኝ ነው እንጂ ፊደል ጠፍቶኝ አይደለም። ወረቀት አያቋርጠኝም፣ «ዝም በይ፣ እንጸልይ» አይለኝም። ደብዳቤውን የምታደርስልህ ሰአዳ የሻሸመኔ ልጅ ናት፣ ሙስሊም ናት። ለኛ ሰዎች ብሰጣቸው ከፍተው፣ አንብበው፣ ጸልየውበት ነው የሚያመጡልህ። ሻይ አፍሉላትና በሰላም ሸኟት፤ እሷ የምታውቀው ነገር የለም።

እንዴት እንደመጣሁ ሌላው ቢረሳው እኔ አልረሳውም። በጉባኤው ቀን ቤይሩት ያሉ እህቶች ልጆቻቸውን የሚይዝላቸው በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋሉ ሲባል ተነስተህ «የኔ ልጅ አለች» አልክ። ፈቃዱ ያንተ ነበር። ሰው ሁሉ አሜን ሲል እኔ የፊቴን ወንበር እያየሁ ነበር። ለሦስት ወር ነው ተባልኩ፤ አንዱ ወር አለቀ። ያየሁትን ልንገርህ።

የማድረው እህት አበበች ቤት ነው፣ ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ በሚባል ሰፈር። እህት አበበች የአማኞቹ ኅብረት መሪ ናት፤ እዚህ አገር ከኖረች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ስትቆጣ ግማሹን በአረብኛ ነው የምትቆጣው። እናቶቻቸው ሰው ቤት ሲያጸዱ የሚውሉ ሕፃናት ጠዋት ጠዋት ይመጡልኛል። አፋቸውን የፈቱት በአረብኛ ነው፤ መዝሙር ሳስተምራቸው ጆሯቸውን ይይዛሉ። የመጀመሪያው እሑድ በጸሎት አዳራሹ ሴቶቹ ማን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ በጎ ፈቃደኛ ነኝ አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «በፈቃድሽ? እዚህ? ያኒ ማንም ሳያስገድድሽ?» አለች አንዷ፤ እዚህ በየቃሉ መሐል «ያኒ» ይላሉ፣ ማለቴ ለማለት። «ልጅቷ ታማለች፣ እጅ ጫኑባት» አለች ሌላዋ። ሦስተኛዋ አልሳቀችም፤ «ፎቶ እያነሳች አገር ቤት ልታሳየን ነው የመጣችው፣ ተጠንቀቁ» አለች። እኔ እንኳን ፎቶ ላነሳ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

መንገዱም እንደ አዳራሹ ነው። ሱቅ ስገባ ባለሱቁ ማዳምሽ የት አለች ይለኛል፤ ማዳም የለኝም ስለው የሰረቅኩ ይመስል እጄን ያያል። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ ገብቼ አንዲት አሮጊት በጣቷ ወደ ደረጃው አሳየችኝ። ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ እስከ አምስተኛ ፎቅ ድረስ ሳስብ ሄድኩ። ሰርቪስ የሚሉት ታክሲ ፊቴን ሲያይ ፍጥነት ይጨምራል። ሰማዩ ላይ ድሮን ቀኑን ሙሉ እንደ ንብ ያጉረመርማል፣ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። እኔ ብቻ ሳይ ልጆቹ ይስቁብኛል።

ያልሳቀችብኝም ያልጠረጠረችኝም እትዬ ፋሲካ ብቻ ነበረች። የጎረቤታችን የእማማ ውባለም ልጅ እዚህ ቨርደን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ማዳሟ ቤት እያደረች እንደምትሠራ ታውቃለህ። ስመጣ እማማ ውባለም በሶና ድቁስ ቋጥረው ሰጥተውኝ ነበር፤ ያን እሑድ አደረስኩላት። ፌስታሉን ፊቷ ላይ አድርጋ አሸተተችው፤ ከዚያ አንገቴን አቅፋ «ንገሪኝ እስቲ፣ እናቴ እንዴት ናት? ያቺ የምትነቃነቀዋ ጥርሷ ወለቀች? አሁንም ዶሮዎቹን በአባቴ ስም ትሰድባለች?» አለችኝ። ሳቅኩ። ከመጣሁ የሳቅኩት ያኔ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት አንተ ደወልክ። እማማ ውባለም ወደ ጌታ እንደሄዱ፣ አንተው ራስህ ቆመህ እንደቀበርካቸው ነገርከኝ። ላለቅስ ስል «ቆይ» አልክ። «ለፋሲካ ትንፍሽ እንዳትዪ። ቤተ ዘመዱ መክሮበታል። ሰው አገር ብቻዋን ብትሰማ ምን ትሆናለች? ኮንትራቷን ጨርሳ ስትመጣ ሰው ሰብስበን፣ ገና ከመኝታዋ ሳትነሳ በወጉ እናረዳታለን። አሜን በይ።» ኮንትራቷ ገና ከዓመት በላይ ይቀረዋል። አሜን አልኩ። አሜን ማለት ልማዴ ነው፣ አንተ ነህ ያስለመድከኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንተ አላየህም፤ እኔ ነኝ ያየሁት። ቤተሰቡ እናትሽ ገጠር እህቷ ዘንድ ሄዳለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም አላት። እህት አበበች ማዳሟ ጋ ደውላ ነገረቻት፤ ማዳሟም ኢንተርኔቱ ተበላሽቷል ብላ ከስልኳ ላይ ቆረጠችባት። በሚቀጥለው እሑድ እትዬ ፋሲካ ለምስክርነት ተነሳች። «እናቴ በሰማንያ ዓመቷ ተነስታ እህቷን ልትጠይቅ ገጠር ወርዳለች፤ ጉልበት የሰጣትን ጌታ አመስግኑልኝ» አለች። አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሁሉም እልል አለ። አባዬ፣ ለሞተች ሴት እልል ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? እህት አበበች በማይክ «አሜን፣ ሃሌ ሉያ» አለች። እትዬ ፋሲካ ዞር ብላ ወደኔ አየችና በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ እናቷን በመጨረሻ ያየኋት እኔ ነኛ፣ ምስክሯ ነኝ።

ስንወጣ ያዘችኝ። ሰአዳ አገር ቤት ልትገባ ነው፣ ለእናቴ የምልክላት ነገር አለ፣ ረቡዕ ጠዋት የማዳሜን ውሻ ሳንሸራሽር ነይና ውሰጂልኝ አለችኝ። ረቡዕ መዝረዓ በሚባለው ሰፈር በኩል በእግሬ ወጣሁ። ሕንፃው በር አጠገብ፣ አበባ የተተከለበት የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። ኮኮ የሚሉት ነጭ ውሻ ነው፤ ማሰሪያውን እጇ ላይ ጠምጥማዋለች። ከፌስታል ውስጥ ጫማ አወጣች። ቡናማ፣ ለስላሳ፣ ተረከዝ የሌለው፣ የአሮጊት ጫማ።

«የናቴ እግር እንደሚያብጥ ታውቂያለሽ» አለችኝ። «ያንቺ እግር የሷን ያክላል። ቆይ ልለካብሽ።» ልከለክላት ስል ተንበርክካ የግራ ጫማዬን አወለቀችው። ተንበርክካ ነው፣ አባዬ። እግሬን ይዛ የእማማ ውባለምን ጫማ አገባችልኝና ጫፉን በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

«ጠበበሽ?»

«አልጠበበኝም።»

«ታዲያ ምነው ፊትሽ? ይሆናታል በይኛ።»

«አይሆናትም» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት? ድምፄን አላወቅኩትም።

«እንዴት አይሆናትም? አሁን ልክ ነው አላልሽም?»

«እትዬ ፋሲካ፣ እማማ የሉም።»

«ከገጠር አልተመለሰችም ገና።»

«ገጠር አልሄዱም። አባዬ ነው የቀበራቸው።»

ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከሰው ደረት ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እጇን ደረቷ ላይ ስትመታ የውሻው ማሰሪያ ተፈታና ኮኮ በርግጎ መንገዱ መሐል ገባ። መኪናው ሁሉ ጡሩምባ ነፋ። ሰው ከሱቅ ወጣ፣ ከካፌ ተነሳ። «ኤል ከልብ! ኤል ከልብ!» ይላሉ፤ ውሻው! ውሻው! ማለታቸው ነው። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞ ወርዶ ውሻውን አቀፈው። አንዲት ሴት አስፋልት ላይ የወደቀችውን እትዬ ፋሲካን በጣቷ እያሳየች ውሻውን እንዲህ ትለቂያለሽ ብላ ተቆጣቻት። እሷን ያነሳ የለም። እኔም አንድ እግሬ አዲስ ጫማ፣ አንድ እግሬ አሮጌ እንዳደረገ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ ይዤ ነበር። እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም። መርዶ ስታረዱ ሁልጊዜ እኛን ልጆቹን ጓዳ ነው የምታስገቡን።

ማዳሟ በቤት ልብሷ ወረደች። መጀመሪያ ኮኮን አየች፣ ሆዱን፣ እግሩን ዳሰሰች። ከዚያ ወደ እትዬ ፋሲካ ዞረችና «ሚን ኦልሊክ?» አለቻት። ማን ነገረሽ ማለት ነው። ምን ሆንሽ አይደለም ያለቻት። እትዬ ፋሲካ ያን ጊዜ ጩኸቷን አቆመች። ማዳሟን አየች፣ ከበሩ ላይ የቆመውን ናጡር፣ ያኒ የሕንፃውን ዘበኛ አየች፤ እሱም ወደ መሬት አየ።

«ይሄም ያውቅ ነበር?» አለችኝ በአማርኛ። 

«አበበችስ?»

«አዎ።»

«እሑድ እልል ያሉትስ?»

«ሁሉም።»

«ታዲያ እኔና ኮኮ ነና ያላወቅነው» አለችና ሳቀች። ከጩኸቷ ይልቅ ሳቋ አስፈራኝ።

ማዳሟ ያላ፣ ተነሺ ወደ ፎቅ፣ ሰው እያየን ነው አለቻት። እትዬ ፋሲካ ግን ከመግቢያው በር ውስጥ እብነ በረዱ ላይ ቁጭ አለች። ናጡሩ የፕላስቲክ ወንበር አመጣላት፣ በእግሯ ገፋችው። ለቅሶ ወንበር ላይ አይለቀስም አለች። ጫማዋን አውልቃ፣ የሥራ ሽርጧን እንደ ነጠላ አዘቅዝቃ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ጩኸቱ በደረጃው ወደ ላይ ወጥቶ ነበርና የኛ አገር ሠራተኛ ልጆች ከየፎቁ መውረድ ጀመሩ። ያለ ምክንያት መውረድ ስለማይፈቀድላቸው እያንዳንዷ ቆሻሻ ልትጥል ብላ ነው የወረደችው። ግማሽ የሞላ ፌስታል የያዘችም አለች። ፌስታሉን ግድግዳው ሥር እያስቀመጡ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። ከአራተኛ ፎቅ የወረደች የጎጃም ልጅ «የእናትሽን ስም ንገሪኝ፣ ስም ሳይጠራ አይለቀስም» አለቻት። «ውባለም» አለች። ልጅቷም ዝቅ ባለ ድምፅ ስሙን እየጠራች ታስለቅስ ጀመር። አንዷ የወይራ ፍሬ በሳህን አመጣች፣ አንዷ ዳቦ፣ አንዲት ፊሊፒናዊት ደግሞ ውሃ። እዝኑ ይኸው ነበር። ሁሉም ነፍስ ይማር አሉ። እኔም ነፍስ ይማር አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እኛ እንደዚያ አንልም ብለህ ታስተምራለህ፤ እኔ ግን ብያለሁ።

ከላይ አንዲት ሴት በደረጃው ቀዳዳ አንገቷን አውጥታ ሰደበችን። ሌላው የሊፍቱን በር ሊከፍት ሲል እግራችሁን ሰብስቡ አለን። ማዳሟ ሁለቴ ወርዳ ተመለሰች። ሦስተኛው ላይ ለምሳ እንግዳ እንዳለባት ተናገረች፤ እጇን በእትዬ ፋሲካ ትከሻ ላይ አድርጋ «ኸላስ ሐቢብቲ፣ ኸላስ» አለቻት፤ በቃ የኔ ውድ፣ በቃ ማለቷ ነው። ክፉ አይደለችም ይሉኛል። እትዬ ፋሲካ ተነሳች፤ ናጡሩ ጋ ካለው ቧንቧ ፊቷን ታጠበች፤ የናቷን ጫማ ከኔ ተቀብላ ራሷ ተጫማችውና ወጣች። ሰፍቷት ደረጃው ላይ ጧ ጧ ሲል ይሰማኝ ነበር። ያን ቀን ምሳ አቀረበች። ልጆቹም ፌስታላቸውን አንስተው ጥለው ወደየፎቃቸው ገቡ።

እሑድ የኔ ተራ ሆነ። እህት አበበች ስሜን ሳትጠራ ሰው ሁሉ እያየኝ ተናገረች። «አፍ የላትም ብለን ያስጠጋናት ልጅ አፏ ሊገድለን ነበር። መርዶ እንደ ሱቅ ዳቦ በመንገድ አይሰጥም! ከፎቅ ብትወረወርስ? መኪና ውስጥ ብትገባስ? ማን ነበር የሚጠየቀው?» ስትል ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝሙር አላስተምርም፤ ልጆቹን አጥባለሁ፣ ወለሉን እጠርጋለሁ። መንገድ ላይ መንገሬ ጥፋት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህን ለእህት አበበችም ለአንተም አልክድም። መንገድ ላይ የሆነው ግን ቤቱን ሁሉ ዘግታችሁባት ነው። ተስፋ ያለው ሰው ቀብር ላይ አይጮህም ብለህ የምታስተምረው አንተ ነህ። ተስፋ ካላት ምን ፈራችሁላት?

አንተም ያን ቀን ነው የደወልክልኝ። አዋረድሽኝ አልክ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኜ ቃሌን ሰበርሽብኝ አልክ። እትዬ ፋሲካ እንዴት ናት ብለህ አልጠየቅከኝም፤ ልትጠይቀኝ ትችል ነበር፣ ስልኩ ላይ ረጅም ጊዜ ነበርክ። እሷ ራሷ እንደደወለችልህና «ልጄ፣ በጌታ ጽኚ» ብለህ እንደዘጋህባት ነግራኛለች። ማጽናኛ አይደለም የፈለገችው። ማን እንዳጠባቸው፣ ምን ልብስ እንደለበሱ፣ መቃብሩ ከአባቷ አጠገብ ይሁን ከሌላ ጋ፣ ሲሞቱ ስሟን ጠርተው እንደሆነ ነው የምትጠይቅህ። እዚያ ነበርክና ታውቃለህ። ደውልላት። ጠርተዋት ካልነበረም አልጠሩሽም በላት። ማዳሟ ኢንተርኔቱን መልሳላታለች፣ የሚቀርህ ሰበብ የለም።

አሁን ደግሞ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። ሴቶቹ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ሰላም የሚለኝ የለም። ብቻዬን ሲያገኙኝ ግን ይመጣሉ። አንዷ ደረጃ ላይ ያዘችኝና «አንቺ አትዋሺም። አባቴ ስልክ ላይ ከቀረበ ቆይቷል፣ ሁልጊዜ ተኝቷል ይሉኛል። የሰማሽው ነገር አለ?» አለችኝ። አገሯ ወለጋ ነው፤ እኔ ምን አውቄ? አላውቅም ስላት «ማይልኝ» አለችኝ። ያቺ ፎቶ ልታነሳን ነው ያለችው መስታወትም ልጇን ስትወስድ ጠጋ ብላ የሰማሁት ነገር እንዳለ ለማወቅ የእህቷን ስም ነገረችኝ። ትናንት ወጥ ቤት ዕቃ ሳጥብ እህት አበበች ገባች። ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ «ወንድሜ አዳነ ከታሠረ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። አባትሽ ሁሉን ያውቃል፤ ያኒ፣ ላንቺ የነገረሽ ነገር ካለ...» አለች። ያቺ ሰው ፊት ያዋረደችኝ ሴት። የለም አልኳት። አላመነችኝም፤ ድስቱን ከድና ወጣች።

ከአገር ቤት «ሁሉም ደህና ነው» ሲባል እዚህ የሚያምን ሰው የለም አሁን። ይህን ያመጣሽው አንቺ ነሽ ትለኛለህ። እኔ አይደለሁም። እናንተ ሁላችሁ በአንድ አፍ ደህና ነው ስትሉ፣ ደህና የሆነውንም ያልሆነውንም አንድ አደረጋችሁት።

ቀሪውን ሁለት ወር እጨርሳለሁ። ስለፈራሁህ አይደለም፤ እትዬ ፋሲካ ሐዘኗን የምታወራው ከኔ ጋር ብቻ ስለሆነ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከውሻው ጋር እንገናኛለን። ናጡሩ ሲያየኝ ፊቱን ያጠቁራል፣ ግን አይከለክለኝም።

ለወንድሜ ለኢዩኤል ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ብስክሌቴን ለሰው እንዳያውስ። ለእህቴ ለኤልሻዳይ ሰላም በልልኝ፤ አንተ ለጉባኤ ስሟን ከመጥራትህ በፊት እሷን ጠይቃት። ለእትዬ ፋሲካ ወንድም ለአሸብር፣ ገጠር ሄዳለች ያለው እሱ ነውና ሰላምታ የለኝም። ለአንተ ለራስህ ደግሞ አንድ ልጅ ለአባቷ የምትለውን ሰላምታ እልሃለሁ፣ ከዚያ አላልፍም።

ከሰላምታው እማዬ ቀርታለች። ሁለቴ ደውዬ አንዴ ገበያ ወጣች፣ አንዴ ጸሎት ላይ ናት አልከኝ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ እማዬ ሁለቱንም ትወዳለች። ግን ስለ እማማ ውባለምም ገጠር ሄዳለች ተብሎ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ በአንተ አፍ የመጣውን የእማዬን ደህንነት አልቀበልም። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ሰአዳ ሻይዋን ሳትጨርስ ደውልና ስልኩን ለእማዬ ስጣት። ሌላ ምንም አትበል። እሷ ራሷ «ሩሃማ» ትበለኝ። እስከዚያ ድረስ ለእማዬ ሰላምታ አልላክሁም፤ እኔው ጋ ነው።

ልጅህ ሩሃማ ነጋሽ

ቤይሩት፣ ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ
ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.